ከሆዱ ይጀምሩ፦ የብርጭቆ እንቁራሪትን ለይቶ በወገኑ የመመደብ አሠራር

በአማርኛ ሆድ የምስጢር ቤት ነው። «የሰው ሆድ አይታወቅም» እንላለን፤ ነገር የሚያምቀውን ሰው «በሆዱ ይይዛል» እንለዋለን። ይህ መመሪያ የተጻፈለት ፍጡር ግን በሆዱ መያዝ የሚችለው ምስጢር የለውም። የብርጭቆ እንቁራሪትን በጠራ መስታወት ላይ አስቀምጠው ከሥር ቢመለከቱት፣ የሆዱ ቆዳ ምንም ሳይከልልዎት አንጀቱን፣ ጉበቱን፣ በአንዳንዱ ዝርያ ላይም የምትመታውን ቀይ ልቡን ያያሉ። ይህ ሁሉ የታጨቀው ደግሞ ከአውራ ጣትዎ የላይኛ አንጓ እምብዛም በማይበልጥ ገላ ውስጥ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ስህተት ነው። ሰዎች ይህን እንስሳ ሲያገኙ ፎቶግራፍ የሚያነሱት ጀርባውን ነው። ጀርባው ያምራል፤ ለስላሳ አረንጓዴ፣ አንዳንዴም ቢጫ ነጠብጣብ የፈሰሰበት ነው። ነገር ግን ከ150 በላይ ከሆኑት ዝርያዎች አብዛኞቹ ጀርባቸው አረንጓዴ ስለሆነ፣ የጀርባ ፎቶ ብቻ ይዞ ስሙን መጠየቅ ነጭ ነጠላ የለበሰችን ሴት ከበዓል ሕዝብ መካከል በልብሷ ብቻ እንደመፈለግ ነው። መታወቂያው ያለው ከሥር ነው። ስለዚህ የሚከተሉት ደረጃዎች ለባዮሎጂ ተማሪ፣ ለመምህር፣ ለተፈጥሮ ፎቶ አንሺ፣ እንዲሁም ከኮስታ ሪካ ወይም ከኢኳዶር ጉዞ ያልታወቀ እንቁራሪት ፎቶ ይዞ ለተመለሰ ሰው እንዲሆኑ አድርጌ አዘጋጅቻቸዋለሁ።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ሦስት ቃላት እንስማማባቸው። «አስተኔ» ስል በሳይንሳዊ ምደባ ሰፊውን ቤተሰብ ማለቴ ነው፤ እዚህ ላይ አስተኔው ሴንትሮሌኒዴ ይባላል። «ወገን» በአስተኔው ውስጥ ያለ የቅርብ ዘመዶች ስብስብ ነው። «ዝርያ» ደግሞ የመጨረሻው መለያ ነው። የእኛ ዋና ግብ ወገኑን ማወቅ ነው። ወገኑ ከታወቀ በኋላ ዝርያውን ከጥቂት አማራጮች መካከል መምረጥ ይቻላል።

ደረጃ 1፦ በመጀመሪያ አገሩን ያረጋግጡ

የብርጭቆ እንቁራሪት የአዲሱ ዓለም እንስሳ ነው። ከደቡብ ሜክሲኮ ይነሣና በመካከለኛው አሜሪካ አድርጎ እስከ ቦሊቪያ፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ እስከ ደቡብ ምሥራቅ ብራዚልና ሰሜን ምሥራቅ አርጀንቲና ይደርሳል፤ በካሪቢያን ባሕር በቶቤጎ ደሴት ላይም ይገኛል። ትልቁ ብዛቱ ያለው በኮሎምቢያና በኢኳዶር የአንዲስ ተራሮች ላይ፣ ደመና በሚተኛባቸው ጫካዎች ውስጥ ነው።

በአፍሪካ አንድም የለም። በአገራችን ደን፣ በሸምበቆ ወይም በእንሰት ቅጠል ላይ ቆዳው ሳሳ ያለ ትንሽ አረንጓዴ እንቁራሪት ቢያገኙ፣ ያገኙት የሌላ አስተኔ አባል ነው። በአፍሪካ የሸምበቆ እንቁራሪቶች ዘንድ የሆድ ቆዳቸው ብርሃን የሚያሳልፍ አሉ፤ ዝምድናቸው ግን ሩቅ ነው።

ፎቶ ብቻ ይዘው ከሆነም የተነሣበትን አገር፣ ከተቻለ ወንዙንና ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ ሳይጠይቁ አይቀጥሉ። ኢካኮጊ የተባለው ወገን በኮሎምቢያ ሲየራ ኔቫዳ ዴ ሳንታ ማርታ ተራሮች ብቻ ይኖራል። ስሙም የተወሰደው በዚያው ተራራ ከሚኖሩት የኢካና የኮጊ ሕዝቦች ነው። ሴልሲዬላ የተባለው ደግሞ የቬኔዝዌላ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ከካርታው ብቻ ግማሹ ሥራ ያልቃል።

ደረጃ 2፦ ለሌሊቱ ይዘጋጁ

እነዚህ እንቁራሪቶች የሌሊት ናቸው። ቀኑን በቅጠል ላይ ተለጥፈው ይተኛሉ፤ ሲመሽ፣ በተለይ በዝናብ ወራት፣ ከወንዝ በላይ በተንጠለጠሉ ቅጠሎች ላይ ሆነው ይጮኻሉ። ስለዚህ የግንባር ባትሪ፣ ቦቲ ጫማ፣ ቅርብ ነገር የሚያነሳ ካሜራ፣ ማስመሪያ፣ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ (እስክሪብቶ በዝናብ ይፈስሳል) ይያዙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ የጠራ መስታወት ወይም የጠራ ፕላስቲክ ሣህን አይርሱ።

ሦስት ነገሮችን በጥብቅ አደራ እላለሁ። እንስሳውን ከመንካት በፊት የአካባቢውን የጥበቃ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 በፓናማ በተደረገው ጉባኤ መላው አስተኔ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቷል፤ ለቤት እንስሳነት የሚደረገው ንግድ ስለበረታበት ነው። ሁለተኛ፣ እጅዎ ላይ የትንኝ መከላከያ ቅባት ካለ በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ፤ እንቁራሪት በቆዳው ይጠጣል፣ በቆዳውም ይተነፍሳል፤ እኛ የተቀባነው ሁሉ ወደ እርሱ ይገባል። ሦስተኛ፣ ከአንድ ወንዝ ወደ ሌላው ሲሄዱ ቦቲዎን ጭቃውን አራግፈው በተበጠበጠ በረኪና ያጥቡ፣ አለቅልቀውም ያድርቁ። በብዙ የዓለም ክፍሎች እንቁራሪቶችን የፈጀው የቆዳ ፈንገስ በጫማ ላይ ተጭኖ መጓዝ ይችላል።

ደረጃ 3፦ የአስተኔው አባል መሆኑን ይለዩ

አረንጓዴ የሆነ ሁሉ የብርጭቆ እንቁራሪት አይደለም። በዚያው ጫካ፣ በዚያው ቅጠል ላይ የዛፍ እንቁራሪቶችም ይቀመጣሉ። ሁለቱን ለመለየት ፊቱን ከላይ ይመልከቱ። የዛፍ እንቁራሪት ዓይኖች ወደ ግራና ቀኝ ያያሉ። የብርጭቆ እንቁራሪት ዓይኖች ግን ወደ ፊት ዞር ያሉ ናቸው። ከላይ ሲያዩት ሁለቱም ዓይኖች ከጭንቅላቱ ወጣ ብለው ወደ አፍንጫው አቅጣጫ ያፈጥጣሉ፤ ለዚህ ነው ፊቱ ሁልጊዜ የተደነቀ የሚመስለው።

ቀጥሎ መጠኑን ይለኩ። ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ገላው መጨረሻ፣ እግሩን ሳይጨምሩ፣ አብዛኞቹ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ናቸው። ከዚህ ልማድ እጅግ የወጣው ሴንትሮሌን ጌኮይዲየም ነው፤ በኮሎምቢያና በኢኳዶር ፏፏቴዎች አጠገብ የሚኖር ሲሆን ወንዱ እስከ 80 ሚሊ ሜትር ይደርሳል።

ሙዚየም ውስጥ አጽም የማየት ዕድል ያለው ተማሪ ደግሞ የማያሻማ ማስረጃ ያገኛል። የመጨረሻዋ የጣት አጥንት ጫፏ እንደ መዶሻ ራስ ወደ ሁለት ወገን የተዘረጋች ናት፤ በዛፍ እንቁራሪቶች ላይ ግን እንደ ጥፍር የሾለች ናት። በሌሎች እንቁራሪቶች ቁርጭምጭሚት ላይ ጎን ለጎን የሚቆሙት ሁለት ረጃጅም አጥንቶች በዚህ አስተኔ ውስጥ ተዋሕደው አንድ ሆነዋል። በመዳፉም ውስጥ ከአጥንቶቹ በአንዱ ጎን ላይ ትንሽ ጉብታ አለች። ሕይወት ባለው እንስሳ ላይ እነዚህን ማየት ስለማይቻል በሜዳ ላይ በዓይኑና በሆዱ ይመሩ።

ደረጃ 4፦ ከሥር ይመልከቱ

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ደረስን። እንቁራሪቱን በእርጥብ እጅ ቀስ ብለው አንስተው በጠራው ሣህን ላይ ያስቀምጡት። አይጫኑት፣ በጀርባውም አይገልብጡት፤ በራሱ እግር ይቁም፤ እርስዎ ሣህኑን ከፍ አድርገው ከሥር ይዩ። ባትሪውን በጎን በኩል ያብሩ። ካሜራዎን አስቀድመው ካዘጋጁ ሥራው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ከዚህ በታች ያሉትን አራት ጥያቄዎች በዚህ ቅደም ተከተል እየመለሱ ይጻፉ።

ደረቱ ነጭ ነው ወይስ የጠራ? ይህን ጥያቄ አስቀድሜ ያስቀመጥሁት አስተኔውን ለሁለት የሚከፍለው እርሱ ስለሆነ ነው። በሴንትሮሌኒኔ ንዑስ አስተኔ አባላት ላይ የሆድ ዕቃን ከውስጥ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን በፊተኛው ክፍሉ ነጭ ነው፤ ልክ ሕፃን ልጅ ደረቱ ላይ መሐረብ እንደታሰረለት፣ ልቡ ከዚያ ነጭ በስተጀርባ ተሸፍኖ ይቀራል፤ ከዚያ በታች ያለው ግን የጠራ ነው። በሃያሊኖባትራኪኔ አባላት ላይ ይህ የሆድ ሽፋን ከላይ እስከ ታች የጠራ ነው። ነጩ ቀለም ብርሃንን መልሰው የሚያንጸባርቁ ጥቃቅን ቅንጣቶችን ከያዙ ሕዋሳት የሚመጣ ነው። ነጩ መሐረብ ካለ ወደ ብዙዎቹ ወገኖች፣ ከሌለ በአብዛኛው ወደ ሃያሊኖባትራኪየም እየሄድን ነው።

ጉበቱ ምን ዓይነት ነው? በሃያሊኖባትራኪየም ወገን ጉበቱ ድብልብል ያለና ነጭ ሽፋን የለበሰ ነው፤ አንጀቱም እንዲሁ ነጭ ነው። በሌላው ክፍል ጉበቱ በሦስትና በአራት ቅጠሎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ነጭ ልብስ ስለሌለው ጠቆር ያለ ቀይ ሆኖ ይታያል። ጀማሪ ሰው ነጭ የሆነውን ሁሉ «አንጀት» ብሎ ያልፈዋል፤ ይህን ስህተት ከብዙ ተማሪዎች ማስታወሻ ላይ አይቻለሁ። ጉበቱ ወደ ደረቱ ቀርቦ የተቀመጠው ነው፤ አንጀቱ ከርሱ በታች ተጠቅልሎ ይገኛል።

ልቡ ይታያል? ደረቱ የጠራ ቢሆንም ልብን የሚያቅፈው ከረጢት ራሱ ነጭ ሊሆን ይችላል። በኮስታ ሪካ በብዛት የሚገኘው ሃያሊኖባትራኪየም ፍላይሽማኒ እንዲህ ነው፤ ደረቱ ላይ ነጭ ነጥብ እንጂ ቀይ ልብ አያዩም። በሃያሊኖባትራኪየም ቫሌሪዮይና በሃያሊኖባትራኪየም ኮሊምቢፊለም ላይ ግን ከረጢቱም የጠራ ስለሆነ ልቡ እርቃኑን ሲመታ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢኳዶር አማዞን የተገለጸው ሃያሊኖባትራኪየም ያኩም እንዲሁ ነው፤ ያኩ በኪችዋ ቋንቋ ውሃ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ እጅግ የሚያስደንቀኝም እርሱ ነው። እንስሳው ተኝቶ ከነበረ የሚያዩት ነገር ሊያሳስትዎ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የታተመ ጥናት ፍላይሽማኒ ሲተኛ 89 በመቶ የሚሆነውን ቀይ የደም ሕዋሱን ከዝውውር አውጥቶ ጉበቱ ውስጥ እንደሚያከማችና የገላው ጥራት በሁለትና በሦስት እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። ቀዩ ደም በዚያ በነጭ በተሸፈነው ጉበት ውስጥ ይሰወራል፤ ሲነቃ ደሙ ተመልሶ ይዘዋወራል። ሰው ደሙ እንዲህ በአንድ ስፍራ ቢታጨቅ ረግቶ ይገድለው ነበር፤ እርሱ ግን በየቀኑ ያደርገዋል፣ ምንም አይሆንም። ለእኛ ሥራ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ በቀን ተኝቶ ሳለ በተነሣ ፎቶ ላይ ደም ሥሮቹና ልቡ ደብዝዘው ስለሚታዩ፣ «ልቡ አይታይም» ብለው ከመጻፍዎ በፊት ነቅቶ ሲንቀሳቀስ ይመልከቱት። በማስታወሻዎ ላይም ሰዓቱንና ነቅቶ ወይም ተኝቶ መሆኑን ያስፍሩ።

አጥንቱ ምን ቀለም አለው? በክንዱና በጭኑ ቆዳ ውስጥ አሻግረው ይዩ። በሴንትሮሌኒኔ ብዙ ዝርያዎች አጥንቱ አረንጓዴ ነው፤ በሃያሊኖባትራኪየም ብዙውን ጊዜ ነጭ ነው። አረንጓዴው የሚመጣው ቢሊቨርዲን ከተባለ ቀለም ነው፤ ቀይ የደም ሕዋስ ሲፈርስ የሚገኝ ሲሆን፣ እኛም ገላችን ተመትቶ ሲበልዝ ከቀናት በኋላ አረንጓዴ የሚመስለው በእርሱ ነው። ሆኖም አረንጓዴ አጥንት ብቻውን አስተኔውን አያረጋግጥም፤ አንዳንድ የዛፍ እንቁራሪቶችም አላቸው። ለዚህ ነው ደረጃ 3ን ሳይጨርሱ እዚህ እንዳይደርሱ የምፈልገው።

ደረጃ 5፦ ክንዱንና ጣቶቹን ይዩ

ወንድ ከሆነ (የሚጮኸው ወንዱ ነው) የላይኛውን ክንድ ከብብቱ አጠገብ ይመርምሩ። በሴንትሮሌን፣ በኤስፓዳራናና በኢካኮጊ ወገኖች ከክንዱ አጥንት ላይ እንደ እሾህ የሾለች ጉጥ ወጥታ ትታያለች፤ ወንዶቹ በግዛት ሲጣሉ ይጠቀሙባታል። የኤስፓዳራና ፕሮሶብሌፖን ወንዶች ከቅጠል ላይ በኋላ እግራቸው ተንጠልጥለው ተያይዘው ሲታገሉ ታይተዋል። በሃያሊኖባትራኪየም ይህ እሾህ የለም። ሴቶች ስለሌላቸው ግን ጉጡ አለመኖሩ ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ ጾታውን ሳያውቁ «እሾህ የለውም» ብለው አይወስኑ። በቴራቶሃይላ ስፒኖሳ ላይ ደግሞ እሾሁ ከክንዱ ሳይሆን ከአውራ ጣቱ ሥር ይወጣል፤ ዝርያው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ማጉያ መነጽር ያስፈልግዎታል።

ከዚያ የፊት እግሩን ጣቶች ዘርግተው ይዩ። በውጭኞቹ ጣቶች መካከል እንደ ዳክዬ እግር ያለ ስስ ቆዳ አለ? በኒምፋርገስ ወገን ይህ ቆዳ የለም ወይም እጅግ ያነሰ ነው። በአንዲስ ተራራ ላይ፣ በሴንትሮሌኒኔ ደረት፣ ያለ ክንድ እሾህ፣ በጣቶቹ መካከል ቆዳ የሌለው ወንድ ካገኙ አብዛኛውን ጊዜ ኒምፋርገስ ነው።

ደረጃ 6፦ ጀርባውን አሁን ይመዝግቡ

ጀርባው ዋጋ የለውም አላልሁም፤ ተራው አሁን ነው። ነጠብጣቡ ቢጫ፣ ነጭ ወይስ ጥቁር ነው? ቆዳው ለስላሳ ነው ወይስ እንደ አሸዋ የሻከረ? ኮክራኔላ ግራኑሎሳ ስሙን ያገኘው ከሻካራ ቆዳው ነው። በክንዱና በእግሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ዘርፍ መኖር አለመኖሩንም ይጻፉ፤ ኮክራኔላ ዩክኔሞስ አለው።

በሕይወት ሳለ ፎቶ ማንሣት የግድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ለሙዚየም አልኮል ውስጥ የገባ የብርጭቆ እንቁራሪት አረንጓዴነቱን ያጣል፤ ወይ ገርጥቶ ነጣ ያለ ይሆናል፣ ወይም ሐምራዊ ይመስላል። የአጥንቱ አረንጓዴም ይጠፋል። ቀድሞ የመጡ ተመራማሪዎች ብዙ ዝርያዎችን የገለጹት ከእንደዚህ ዓይነት የደበዘዘ ናሙና ስለነበር፣ በድሮ ገለጻ ላይ «ሐምራዊ ጀርባ» የሚል ካነበቡ ጫካ ውስጥ ሐምራዊ እንቁራሪት አይፈልጉ።

ደረጃ 7፦ ቅጠሉን ራሱን ይጠይቁ

እንቁራሪቱ የተቀመጠው ከቅጠሉ በላይ ነው ወይስ በታች? የሃያሊኖባትራኪየም ወንዶች ከቅጠል ሥር ተለጥፈው ይጮኻሉ፤ ሴቶቹም እንቁላላቸውን ከቅጠሉ ሥር በአንድ ንጣፍ ያስቀምጣሉ። ኤስፓዳራና ፕሮሶብሌፖን ከቅጠል በላይ ይጮኻል፤ እንቁላሉ ጠቆር ያለ ሲሆን በቅጠል የላይኛ ገጽ ወይም አረንጓዴ ሽበት (ሞስ) በለበሰ ድንጋይና ቅርንጫፍ ላይ ይገኛል። ሴንትሮሌን ጌኮይዲየም ከፏፏቴ አጠገብ ባለ ድንጋይ ላይ ይጥላል።

አጠገቡ እንቁላል ካለ ማን እንደሚጠብቀው ለጥቂት ጊዜ ቆመው ይዩ። ቫሌሪዮይ ወንዱ ሌሊትም ቀንም ከእንቁላሉ አይለይም። ጀርባው ላይ ያሉት ቢጫ ክቦች ከሩቅ ሲታዩ ራሳቸው የእንቁላል ክምር ይመስላሉ። ኢካኮጊ ታይሮና ላይ ጠባቂዋ እናት ናት። በሌሎች ብዙ ዝርያዎች እናትየው በጣለችበት ሌሊት ብቻ ለአጭር ጊዜ ታቅፋ ትሄዳለች።

ድምፁንም በስልክዎ ይቅዱ። ፍላይሽማኒ አጭር ነጠላ ፉጨት ያሰማል፤ ፕሮሶብሌፖን ፈጥኖ የሚከታተል ሦስት ቆረጥ ያለ ድምፅ አለው። ከኮስታ ሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 የተገለጸው ሃያሊኖባትራኪየም ዲያኔ ድምፁ እንደ ነፍሳት የብረት ፉጨት የሚመስል ነው። ውሃው እጅግ በሚጮኽበት ስፍራ ደግሞ ዓይንዎን ይጠቀሙ፤ ሳቻታሚያ ኦሬሁዌላ በፏፏቴ ርጭት ውስጥ በድንጋይ ላይ ሆኖ ከመጮኹም በላይ እጁንና እግሩን እያነሣ ያውለበልባል። ሳቻታሚያ የሚለው ስም ከኪችዋ የተገኘ ሲሆን «ጫካ» እና «ዝናብ» የሚሉትን ቃላት ያጣመረ ነው፤ ለእንስሳው ከዚህ የተሻለ ስም የሚገኝ አይመስለኝም።

ደረጃ 8፦ ማስረጃውን አጋጥመው ወገኑን ይወስኑ

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በኮስታ ሪካ ዝቅተኛ ቦታ፣ ከወንዝ በላይ ካለ ቅጠል ሥር 22 ሚሊ ሜትር የሆነ ወንድ አገኙ እንበል። ደረቱ የጠራ፣ ጉበቱ ድብልብልና ነጭ፣ አጥንቱ ነጭ፣ ክንዱ ላይ እሾህ የለም። ይህ ሃያሊኖባትራኪየም ነው። አሁን ልቡን ያዩና ቀይ ሆኖ ከታየ፣ ጀርባው ላይም ትላልቅ ቢጫ ክቦች በአረንጓዴ መረብ መካከል ካሉ፣ ቫሌሪዮይ ይሆናል። ልቡ በነጭ ከተሸፈነ ወደ ፍላይሽማኒ ያዘንብሉ።

ሌላ ምሳሌ፦ በዚያው ወንዝ ከቅጠል በላይ ተቀምጦ፣ ደረቱ ነጭ፣ አጥንቱ አረንጓዴ፣ ወንዱ ግልጽ የክንድ እሾህ ያለው ቢሆን ኤስፓዳራና ፕሮሶብሌፖን ነው። እሾህ የሌለው፣ ጀርባው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆኖ ቢጫ ነጠብጣብ የበዛበት ቢሆን ሳቻታሚያ አልቦማኩላታን ይመርምሩ።

ከምልክቶቹ አንዱ ከሌሎቹ ጋር ቢጋጭ፣ ብዙኃኑን ተከትለው የተጋጨውን አይሰርዙ። ኢካኮጊ የክንድ እሾህ እያለው አጥንቱ ነጭ ነው። አዲስ ነገር የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከእንዲህ ዓይነቱ ግጭት ስለሆነ፣ ሁሉንም እንዳለ ይጻፉ።

ደረጃ 9፦ የድሮ ስም ሲያጋጥምዎ

ፍላይሽማኒን በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሃያሊኖባትራኪየም፣ በሌላው ሴንትሮሌኔላ ተብሎ ቢያገኙት አይደናገጡ፤ እንስሳው አንድ ነው፣ የተለወጠው መዝገቡ ነው። የመጀመሪያውን ወገን ሴንትሮሌን እ.ኤ.አ. በ1872 የገለጸው ስፔናዊው ማርኮስ ሂሜኔስ ዴ ላ እስፓዳ ነው፤ ኤስፓዳራና የተሰየመው ለእርሱ መታሰቢያ ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቴይለር በ1951 አስተኔውን ራሱን አቋቋመ። ሩዊስ ካራንሳና ጆን ሊንች በ1991 ዝርያዎቹን በሦስት ወገኖች አከፋፈሉ፤ ይህም ምደባ ለ18 ዓመታት ያህል አገለገለ። ችግሩ የክንድ እሾህን የመሰለ አንድ ምልክት ብዙ ስለተሸከመ ነበር፤ የዘር ቅንጣት (ዲኤንኤ) ሲመረመር እሾህ ያላቸው ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ሆነው አልተገኙም። በ2009 ሁዋን ማኑኤል ጉዋያሳሚንና ባልደረቦቹ አስተኔውን በሁለት ንዑስ አስተኔዎችና በ12 ወገኖች አደራጁት፤ እስካሁን በዚህ መመሪያ የተጠቀምሁበትም ይኸው ነው። ስለዚህ ከ2009 በፊት የታተመ መጽሐፍ ሲይዙ የዝርያውን ስም ይውሰዱ፣ የወገኑን ስም ግን ከአዲስ ምንጭ ያረጋግጡ።

ዓይን የማይደርስበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከኢኳዶር ሁለት አዳዲስ ዝርያዎች፣ ሃያሊኖባትራኪየም ማሽፒና ሃያሊኖባትራኪየም ናውንስ፣ በአንድ ላይ ተገለጹ። የተገኙባቸው ስፍራዎች ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ተራርቀው ያሉ ሲሆን በመልክ መንትያ ናቸው፤ የለያቸው የዘር ቅንጣት ምርመራ ነው። በእንዲህ ዓይነት አካባቢ ወገኑን ጽፈው ዝርያውን ክፍት ቢተዉት ትክክለኛ ሥራ ሠርተዋል።

ደረጃ 10፦ ከወሰዱበት ቅጠል ላይ ይመልሱት

«ከዚያው ዛፍ» አላልሁም፤ ከዚያው ቅጠል፣ ከዚያው ገጽ። ስለዚህ ከማንሣትዎ በፊት ቅጠሉን በቀለማማ ክር ምልክት ያድርጉበት። ወንዱ እንቁላል ጠባቂ ከነበረ ነገሩ ይከብዳል፤ አባት ሲጠፋ እንቁላሎቹ ይደርቃሉ፣ ተርቦችም ይበሏቸዋል። እርጥበቱን የሚሰጣቸው እርሱ ነው። ዝናብ ባልዘነበበት ሌሊት፣ ወይም እንቁላሎቹ ላይ ተቀምጦ ካገኙት፣ ጭራሽ አያንሱት፤ መስታወቱን ትተው ካሜራውን ከቅጠሉ ሥር አስገብተው ያንሱና ይሂዱ። እንቁላሎቹ ተፈልፍለው እጮቹ ወደ ወንዙ ሲወድቁ፣ ወደ ታችኛው ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ይገባሉ። ቀጭን፣ ረጅም ጭራና ትንንሽ ዓይን ያላቸው ናቸው፤ ወንዙን ሲሻገሩ ድንጋይ እየመረጡ ይርገጡ።